ፀሐይ በስሜነሽ በኩል የምትወጣበት መሬት

እንዴት አደርህ፣ ወገኔ? ና ወዲህ፣ እዚህ ፀሐይዋ ላይ ተቀመጥ። ቤት ውስጥ ይበርዳል። ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ከቅዳሴ ስንመለስ ዳገቷ ላይ ስታነክስ አይቼሃለሁ፤ እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩህ እንጂ። የሰውን ማነከስ ቆሞ ማየት ደስ አይለኝም።

ውርጩ ነው። ሰሞኑን የእኔንም ወገብ ይዞታል። ድንቹንማ አየኸው አይደል? ቅጠሉን እሳት ያገኘው አስመሰለው። ገብሱ ግን ተመስገን ነው። ሁለት ሳምንት ዝናቡን ከያዘልን አጭደን እንከምራለን።

ጠላ ልቅዳልህ? ቆይ፣ ራሴ አመጣዋለሁ። ቤዛዊትን አናስነሳት። ምራቴ እኮ ከብዳለች፤ በጥር መጨረሻ ትገላገላለች ይላሉ ሴቶቹ። እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት። ከዚህ ቤት ጠዋት ሲጠሩት «አቤት» ብሎ ወዲያው የሚነሳ ሰው እሷ ናት፤ ያውም በዚህ ሆዷ።

ይኼ የሚሰማህ… ከበረት ነው፤ የቤዛዊት ባል ነው። ዳማውን እያሹት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ከገባን ጀምሮ ያንኑ አንድ ጎኑን እያሹት ነው። የፈረሰኞቹ በዓል ገና ሁለት ወር ቀርቶት ፈረሳችን ከአሁኑ እንደ መስታወት ሊያበራ ነው። ያውም በሰንበት! ደግሞ እንዲህ በጸጥታ የሚታሽ ፈረስ አይቼ አላውቅም። እኛ ስናወራ እጁ ይቆማል፣ እኛ ዝም ስንል እጁ ይንቀሳቀሳል። ዳማውም ጆሮውን ቀስሮልሃል… የፈረሱን ጆሮ ማለቴ ነው።

ምነው፣ ምን ያስቅሃል? በአማርኛ ስላወራሁህ ነው? እኔና አንተ ከልጅነታችን ጀምሮ በአገውኛ ስናወራ ኖረን ዛሬ ምን ነካው ብለህ ነው? ምንም አልነካኝም። ጠበቆቹ የሚያወሩት በአማርኛ ስለሆነ ምላሴን ላለማምደው ብዬ ነው። ሕግ የሚያውቅ ሰው አጠገባችን ቢኖር ቃል እንዳያመልጠው።

ትናንት ሰማኸው አይደል፣ ያንን የጠበቆቹን ዝግጅት? ቅዳሜ ጠዋት በራዲዮ የሚመጣውን፤ ሰው በስልክ ጠይቆ ጠበቆች የሚመልሱለትን። አልሰማሁም እንዳትለኝ፤ የአንተ ራዲዮ ከአጥሩ አልፎ እኔ ግቢ ድረስ ይጮሃል። እኔም የራሴን ከምሰሶው ላይ ሰቅዬ ማጭዴን እየሳልኩ ነበር። እውነቴን ነው የምልህ፣ ወገኔ፣ ሕግ ጥሩ ነገር ነው። እኔ ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ታውቃለህ። አሥረኛ ድረስ የዘለቀ ሰው ደግሞ ስንት ያውቃል!

መጀመሪያ ያቺ የጫግኒዋ ሴትዮ ደወለች። የጎረቤቷ ማንጎ ቅርንጫፉ በአጥሯ ላይ አዘንብሎ ፍሬው እሷ ግቢ ይወድቃል። «የወደቀው የማን ነው?» አለች። ሴቷ ጠበቃ ምን አለቻት? «ጎረቤትዎን አነጋግረዋቸዋል?» አለቻት። «አይ፣ ተኳርፈናል» አለች። «እንግዲያው ሕጉን እነግርዎታለሁ፤ ግን መጀመሪያ ያነጋግሯቸው» አለቻት። አየህ፣ ስንት ዓመት ተምራ የምትለው ይኼንን ነው። እኔ ሳልማርም ይኼንን አውቀው ነበር… እኔ ቤት ግን አልተነገረም መሰለኝ።

ቀጥሎ ያ የእንጅባራው ተከራይ። አከራዩ ውጣልኝ ብሎት አልወጣም ሲለው በሩን ነቅሎ ወሰደበት። በር! ወንዱ ጠበቃ «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስወጣት አይችልም፣ ውልዎን ይዘው ይሂዱ» አለው። እኔ እኮ ሳቄ መጣ። ሰው ውስጡ ተቀምጦ እያለ ቤቱን ሊወስዱበት ይችላሉ ለካ… ብዬ ነው የሳቅሁት። ማጭዱን አስቀምጬ።

ከዚያ ሦስተኛው ደወለ።

አቤት ጨዋነት! «ስሜ እንዲጠቀስ አልፈልግም» አለ። «ከአዊ ዞን ነኝ፣ አርሶ አደር ነኝ» አለ። እንዴት ያለ አሳቢ ልጅ ነው፣ ወገኔ? ስንቱ አለ አባቱን በስሙ ጠርቶ በአደባባይ የሚያዋርድ። ይኼኛው ስሙን ሸሸገ። አባቱን እንዳያሳፍር ብሎ ነዋ! ምን ያለው አባት ወለደው ብዬ ቀናሁ። አርሶ አደር ነኝ ማለቱም ደስ ብሎኛል። ሰው የሚወደውን ሥራ እንኳ ባይሠራው በስሙ መጠራቱ ጥሩ ነው።

ጥያቄው አጭር ነው። «አባቴ ሸምግሏል። የመሬቱን ደብተር ይዞ አልሰጥም ብሏል። ወደ እኔ ስም ማዞር እችላለሁ ወይ?» ጠበቃዋ ምን አለች? «አባትዎ በሕይወት አሉ?» አለች። «አዎ… አሉ» አለ። ያቺን «አሉ» ሲላት ሰማሃት? እንዲያ እየጎተተ። በሕይወት መኖሬ… የሰውዬው በሕይወት መኖር ትንሽ ያሳዘነው ይመስላል። ልጅ ለአባቱ ሲያዝን ደስ ይላል።

«በሕይወት ያለ ሰው ውርስ አይከፈትም» አለችው። «ከፈለጉ በስጦታ ይስጡዎ፣ ከፈለጉ ይናዘዙልዎ፣ ካልፈለጉ ይተዉት፤ ፈቃዱ የእሳቸው ነው» አለችው። እኔ እዚህ ላይ ማጭዴን ሞረድ ሳላስነካ ቀረሁ። ለካ ፈቃዱ የሰውዬው ነው? አርባ ዓመት አርሼ ይኼንን ትናንት ገና ሰማሁ።

ከዚያ ያ ወንዱ ጠበቃ «መሬቱ ምን ያህል ነው?» ብሎ ጠየቀው። ይኼንን ብቻ ነው የጠየቀው እኮ። ልጁ ደግሞ የእኛ አገር ልጅ ነው፤ መሬት ሲጠሩበት አፉ ያለ አዋሳኝ አይዘጋም። እኛ አባቶቹ ያስለመድነው ነው፤ በሽምግልና ፊት፣ በቀበሌ ፊት፣ መሬት ያለ አራቱ ጎረቤቶቹ ተጠርቶ አያውቅም። እንደ ዳዊት ደገመው! «ስድስት ቃዳ ነው፤ በምሥራቅ ወይዘሮ ስሜነሽ፣ በምዕራብ አቶ ወገኔ፣ በሰሜን የሚካኤል ጠበል፣ በደቡብ መንገድ ያዋስነዋል» አለ።

እህ! የራሱን ስም ሸሽጎ የአንተን ስም ለአገር ሁሉ ተናገረው። «አቶ» ብሎ ነው ያከበረህ ደግሞ። በዚህ ዕድሜህ በራዲዮ ተጠራህ፤ እንኳን ደስ ያለህ።

መጀመሪያ እውነት እልሃለሁ፣ ደነገጥኩ። ስሜነሽም ጎረቤቴ ናት፣ አንተም ጎረቤቴ ነህ፣ ጠበሉም እዚያ ነው፣ መንገዱም እዚያ ነው። ኋላ ግን አሰብኩና… ተመስገን አልኩ። አንተ በየት በኩል ነህ? በምሥራቅ ነህ። ፀሐይ በየጠዋቱ የምትወጣው ከአንተ ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ስሜነሽ ናት በምዕራብ። በዚያ ልጅ መሬት ደግሞ ፀሐይ በስሜነሽ በኩል ነው የምትወጣው። ታዲያ የእኛ መሬት ሊሆን ይችላል? አይችልም። አንድ ሌላ ወገኔ፣ አንድ ሌላ ስሜነሽ፣ አንድ ሌላ ጠበል ያለበት አገር አለ ማለት ነው። የእኛን መሬት የሚያርስ ልጅማ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ይስታል? ጎህ ሳይቀድ ሞፈር ይዞ የወጣ ሰው? እኔ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር በማንም ልጅ ላይ አላስብም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚነሳ ሰው ካልሆነ በቀር ሊሳሳት አይችልም።

አንተም አታስብ። ሰዉ ግን ምን ነካው? ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ አላየህም? ወዳጃችን ይሄይስ እጄን ይዞ ሦስት ጊዜ «ጤናህን ግን ደኅና ነህ?» አለኝ። ሦስት ጊዜ! ስሜነሽ ደግሞ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን እየቆራረጠች፣ ለደንቆሮ እንደሚነገረው «ደ-ኅ-ና ዋሉ» አለችኝ። ከሁሉ የገረሙኝ ግን ቄስ ገብረ ማርያም ናቸው። መስቀሉን ሊያሳልሙኝ ጎንበስ ሲሉ በጆሮዬ «አወቅኸኝ?» አሉኝ። ወገኔ፣ አርባ ዓመት ንስሐ የገባሁባቸው ሰውዬ «አወቅኸኝ?» አሉኝ! «አባ፣ ኃጢአቴን ሁሉ ያውቃሉ፣ እንዴት አላውቅዎትም?» አልኳቸው። ይኼ ሁሉ እንግዲህ ለማላውቀው ሰውዬ የተላከ ርኅራኄ ነው። ተሳስቶ እኔ ቤት ገባ።

አየህ፣ ልጁ በዚያ አላቆመማ። ጠበቃዋ «ፈቃዱ የእሳቸው ነው» ስትለው ትንሽ አሰበና «አእምሮው ቢያስቸግረውስ?» አላት። አቤት ብልሃት! አንዱ በር ሲዘጋ ሌላውን የሚያውቅ ልጅ። እንደዚህ ያለ አእምሮ በእርሻ ባክኖ ቢቀር ያሳዝን ነበር፤ ደግነቱ በእርሻ አልባከነም። «መዘንጋትና አእምሮ ማጣት አንድ አይደሉም፤ ሐኪም መርምሮ፣ ፍርድ ቤት አይቶ ነው የሚወሰነው» አለችው። «አባትዎ ምንድን ነው የሚረሱት?» አለችው።

ምን ቢላት ጥሩ ነው? ሞፈሩን የት እንዳስቀመጠ ይረሳል አላለም። ጾሙን ይረሳል አላለም። ከብት ቆጥሮ ይሳሳታል አላለም። «እኔን በሞተው ወንድሜ ስም ይጠራኛል» አላት።

…

ጠበቃዋ «ወንድምዎ ከሞቱ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» አለችው በቀስታ። «ሦስት ዓመት» አላት። «ይኼ የሕግ ጥያቄ አይደለም፣ ወንድሜ» አለችው። ከዚያ ልጁ አንድ ቃል ተናገረ፤ በአገውኛ ነበር፣ እኛ ቤት በሬ እግራቸውን ሲረግጣቸው የሚሏት ቃል። ስልኩም ተዘጋ።

እኔም አንዳንዴ መሳፍንትን እጠራለሁ። አልዋሽህም። ጎህ ሲቀድ እጠራዋለሁ፤ የሚነሳው በዚያ ሰዓት ስለነበረ። ልጄ ሄዷል፤ አፌ ግን አልሄደም። የዚያ ሰውዬም እንዲሁ ይሆናል። አሁን ይኼ እብደት ነው? ወይስ ሰውዬው የተኛ ሰው መቀስቀስ ሲሻ፣ ሲጠሩት ይነሳ የነበረውን ስም መጥራቱ ይሆን? አላውቅም። የሰው ቤት ነገር ነው።

እውነቱን ከጠየቅኸኝ ደግሞ ለልጁም ትንሽ አዘንኩለት። ሦስት ዓመት በሙት ስም መጠራት ያማል ይሆናል። እኔ ይኼንን አስቤው አላውቅም ነበር። ቢነግረኝ… ለአባቱ ቢነግረው ማለቴ ነው፣ «አባ፣ እኔ አለሁ እኮ» ቢለው፣ ሰውዬው ምን የሚል ይመስልሃል? ከመኝታው እስከ አባቱ መኝታ ስንት እርምጃ ይሆናል? ሃያ? ጠበቃዋ ያችን የማንጎዋን ሴትዮ «አነጋግረዋቸዋል?» እንዳለቻት እሱንም ብትጠይቀው ጥሩ ነበር። ግን ሃያ እርምጃ መሄድ ከብዶት ለአገር ሁሉ መንገር ቀለለው። ስልክ ጥሩ ነገር ነው፤ ዓይን ለዓይን አያስተያይም።

እኔም ፈራሁና ትናንት ራሴን መረመርኩ። ሐኪም እስኪያየኝ ድረስ ራሴ ልየው ብዬ። አዋሳኞቼን ቆጠርኩ፤ አራቱንም በየጎናቸው አገኘኋቸው። ያንተን የሟች አባትህን ስም፣ የበሬዎቼን ስም፣ መጀመሪያ ጫማ የተጫማሁበትን ዓመት… ሁሉም አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ክረምት ትኩሳት የያዘው ሕፃን በጀርባዬ አዝዬ እስከ ዳንግላ የሄድኩት። ፈረሱ አንካሳ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነበር፣ ጋሪ አልነበረም። ሁለት ወንዝ ተሻገርኩ። የትንፋሹ ሙቀት አንገቴ ላይ አሁን ድረስ አለ። መርፌውን ሲወጉት ጣቴን ይዞ አልለቅም እንዳለ አስታውሳለሁ። ጣቴ ይቺ ናት፣ እይ። ማንን እንዳዘልኩ ብቻ ነው የጠፋብኝ። መሳፍንት አልነበረም፤ እሱ ታሞ አያውቅም ነበር እስከዚያች ሳምንት። ታዲያ ማን ነበር? ይኸውልህ፣ መርሳት ማለት ይኼ ነው። ልጁ እውነት ሳይኖረው አልቀረም።

ምን ወደቀ? … የፈረሱ ማሻሻ ነው። ተወው፣ ያነሱታል።

ደግሞ ልጁ መሬቱን ለምን እንደፈለገው ሳይናገር ቀረ። እኔ ግን ገምቻለሁ። ዛፍ ሊተክልበት ነዋ! ያንን የከሰል ዛፍ፣ ዲከረንሱን። ሰዉ ሁሉ ገብሱን እየነቀለ ዛፍ እየተከለ አይደል? እኔ ዛፍን አልጠላም። የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ሕመም ያለበት፣ ጉልበት ያጣም አለ። ዛፍ አይታረም፣ አይጎለጎልም፣ ጠዋት ተነስ አይልህም። አንዴ ከተከልከው አምስት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተኝተህ አብረኸው ታድጋለህ። ለአንዳንድ ሰው ከፀባዩ ጋር የሚሄድ ሰብል ነው። ስድስት ቃዳ ዛፍ፣ በጥላው ሥር አንድ ጎልማሳ ጋደም ብሎ… አያምርም? እኔ እንኳ ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል።

አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ጠጋ በል። አይ፣ ድምፄን ዝቅ አላደርግም፣ ጠጋ ብቻ በል።

ትናንት ራዲዮኑን ዘግቼ ሳጥኔን ከፈትኩ። የመሬቱን ደብተር አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም፤ እጄ ወሰደኝ። ያን ዓመት መሬቱ ሲመዘገብ የጻፈው ልጅ ቸኩሎ ነበር፣ ዝናብ ሊመታው ነበር። እኔ ቤት ስደርስ ነው ያየሁት፤ ምሥራቁን ምዕራብ፣ ምዕራቡን ምሥራቅ አድርጎታል። «በምሥራቅ ወይዘሮ ስሜነሽ፣ በምዕራብ አቶ ወገኔ» ይላል። እንዲሁ በዝርዝሩ፣ «አቶ»ውም ሳይቀር። ዛሬ አስተካክላለሁ ነገ አስተካክላለሁ እያልኩ ተውኩት። ለአንተም አልነገርኩህም፤ በመሬቴ ላይ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ከእኔና ከአንተ በላይ የሚያውቅ ወረቀት የለም ብዬ። ይኼን ስህተት ያ ደብተር ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱም ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው።

ለጠበል የወረድኩ ሳምንት ግን ቁልፉን ከምሰሶው ላይ ሰቅዬው ነበር የሄድኩት። ጠበል ላይ ብረት ከአንገት አይታሰርም ብዬ። ሰባት ቀን እዚያው አደርኩ። እኔ እዚያ ለቤቴ ሰላም ስጸልይ እዚህ ደግሞ ቤት ውስጥ ንባብ ነበር። ሁለቱም የተቀደሰ ሥራ ነው። ማንበብ እኮ ጥሩ ነው፤ እኔ ልጆቼን ትምህርት ቤት የላክሁት እንዲያነቡ ነው። ወረቀት አምኖ ፀሐይን መካድ ግን ትምህርት ቤቱ ያስተማረው አይመስለኝም። እሱን በራሱ ተምሮት ይሆናል… ያ የማላውቀው ልጅ።

አንተማ የምታውቀውን ታውቃለህ፣ ወገኔ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት አንተንና ይሄይስን በአጥሩ ሥር ጠርቼ ያልኳችሁን ታስታውሳለህ? በዚህ በሚመጣው ማክሰኞ አብራችሁኝ ዳንግላ ውረዱ፣ መሬቱን በስጦታ ላዞረው ነው፣ ምስክር ሁኑኝ አላልኳችሁም? ድንገት ደስ እንዲለው ነው፣ ለማንም እንዳትናገሩ አላልኩም? አልተናገራችሁም፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አዲሱን ጋቢዬን እንኳ ለዚያ ቀን ብዬ አጥቤ አሰጥቼው ነበር። እንግዲህ ለማን ላዞረው እንደነበር… እሱን ደግሞ ረሳሁት። አትንገረኝ! እንዳትነግረኝ። ሐኪሙ ፊት ስቀርብ በራሴ እንዳስታውሰው ልሞክር።

የበረቱ ሰውም ሥራውን አቆመ መሰለኝ። አለቀ እንግዲህ። አንድ ጎኑ አለቀ።

የሚገርምህ፣ የዚያ የራዲዮኑ አባትም እንደ እኔ ዓይነት ሰው ቢሆንስ? አፉ ከባድ፣ የሚሰጠውን ሳይሰጥ የማይናገር። ልጁ ቅዳሜ ከሚደውል ማክሰኞ ቢደውል ምን የሚል ይመስልሃል? «የሕግ ጥያቄ የለኝም፣ ሰላምታ ላቅርብ ብዬ ነው» ይል ነበር። ሦስት ቀን ምንድን ናት? ገብስ ለማጨድ ሁለት ሳምንት የምንታገስ ሰዎች ነን።

አይ፣ ጉዞውማ አልቀረም። ማክሰኞ እንሄዳለን። ምንይችልን ለጋሪው ነግሬዋለሁ፣ ለሰው ቃል ሰጥቼ አላስቀርም። እንሄድና ምሥራቁን ምሥራቅ፣ ምዕራቡን ምዕራብ አስደርገን እንመጣለን። አንተም ወደ ቦታህ ትመለሳለህ፣ ስሜነሽም ወደ ቦታዋ። ሌላው እንዳለ ይቆያል። የባለ ይዞታው ስም በትክክል ነው የተጻፈው፤ እሱ አይነካም። እግረ መንገዴን ሐኪም ቤትም እገባለሁ፤ አእምሮዬን ይዩልኝና ወረቀት ይስጡኝ። ወረቀቱን ከደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ አንባቢ አይጠፋም። ቁልፉንም ከእንግዲህ ከምሰሶው ላይ ነው የምሰቅለው። ሰው በሰባት ቀን አንዴ ብቻ እንዳያነብ።

ሌላም ነገር ቆርጫለሁ። ከነገ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ መሳፍንትን አልጠራም። ጠበቃዋ ደግ ሴት ናት፣ ሕግ አይደለም አለች እንጂ ልክ ነው አላለችም። እያንዳንዱን በየስሙ እጠራለሁ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ብቻዬን ተቀምጬ ተለማመድኩት፤ አንድ ስም ነበር፣ ደጋግሜ ጠራሁት፣ አፌ ላይ አዲስ ሆነብኝ። የሚነሳ ይነሳል። የማይነሳም… በስሙ ተጠርቶ ሳይነሳ ይቀራል፤ ከእንግዲህ በሙት አይመካኝም።

ጨልጠው ጠላህን። ሂድ እንግዲህ፣ ጉልበትህን ቅቤ አሽተህ ፀሐይ ላይ ዘርጋው። ስሜነሽን በመንገድህ ካገኘሃት ጮክ ብላ እንዳትናገረኝ ንገርልኝ፤ እሰማለሁ።

ቆይ፣ ቁም። ሳንመርቀው ልንለያይ ነው እንዴ? የሰው ልጅ ተነሥቶ እንዲሁ አይተውም፤ ያውም ሰንበት ነው። አንተ አሜን በል።

ያንን ልጅ፣ የማንም ይሁን የማን፣ እግዚአብሔር ይባርከው። ሚስት ካለችው በሰላም ያገላግልለት። ወንድ ልጅ ይስጠው፤ መልኩም ፀባዩም ከአባቱ ያልራቀ። ያንን ልጅ ትኩሳት ሲይዘው አዝሎ የሚሻገርበት ጉልበት ይስጠው፣ ጣቱንም ይዞ አልለቅም የሚለው ይሁንለት። ልጆቹን ሁሉ በየስማቸው እየጠራ ይሸምግል፤ የአንዱን ስም በሌላው የሚያሳስት ሐዘን ደጁን አይርገጠው። መሬት ይስጠው፣ ደብተር ይስጠው፣ ፀሐይዋም በፈለገው በኩል ትውጣለት። ልጁን ያስተምርለት፣ ከእሱም በላይ ሕግ አዋቂ ያድርግለት። ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ ፀጉሩ እንደኔ እስኪነጣ፣ ወገቡ እንደኔ እስኪጎብጥ። ከዚያም በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንዲህ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ማጭዱን እየሳለ፣ ራዲዮኑን ይክፈት… የልጁ ድምፅ ሳይቆራረጥ፣ ጥርት ብሎ ይምጣለት።

እስከዚያች ቀን ድረስ ጆሮውን ይጠብቅለት።